የተዘጋው መድረክና የሚከራየው አየር



ከጥቂት ሳምንታት በፊት ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ በአንድ የኤፍ ኤም ጣቢያ የሚተላለፍ ውይይት አደምጥ ነበር። ርእሱ ኪነ ጥበብና መገናኛ ብዙኃን ነው። ከተጋባዦቹ አንዱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «በዚያ በኮሮና ክፉ ቀን ሬዲዮ ከጥበብ ባለሙያው ጎን ቆሟል» አሉ። አወያዩም «በትክክል!» ሲል አጸደቀላቸው። ከዚያ ማስታወቂያ ገባ። ከውይይቱ ወደ ማስታወቂያው መሸጋገሪያ ሆና የተለቀቀችው ዜማ ደግሞ የሙላቱ አስታጥቄ ነበረች፤ ዐሥራ አምስት ሰከንድ ያህል ተሰማችና ተቆረጠች። ሳላስበው ሳቄ አመለጠኝ። ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝና፣ «ምን ያስቅዎታል?» አለኝ። የዚያን ጊዜ የምመልስለት አጥቼ ዝም አልሁ። ይህ ጽሑፍ እንግዲህ ለሾፌሩ የዘገየ መልስ ነው።

እኔ የማስታውሰው ሌላ ነው። የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በአገራችን መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ ትልልቅ ስብሰባዎችም ታገዱ። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ ሆኖ መሰብሰብ ክልክል ሆነ። ልብ በሉ፤ አራት ሰው ማለት አንድ የጃዝ ኳርቴት ነው። ተጫዋቾቹ ተቀምጠው የሚያደምጣቸው አንድ ሰው ቢመጣ ዐዋጁ ተጣሰ ማለት ነው።

ይህን ያልሁት መድረኩ ለምን ተዘጋ ብዬ ልሟገት አይደለም፤ እንዲያ የሚረዳኝ ካለ ተሳስቷል። መዘጋቱ ተገቢ ነበር። ጠባብ ምድር ቤት ውስጥ መቶ ሰው ተጨናንቆ፣ አንዱ ሳክስፎን ሌላው ትራምፔት እየነፋ የሚታደርበት ቤት ለዚያ ቫይረስ የተመቸ ነው። ጃዝ ራሱ ዋጋውን ከሁሉ ቀድሞ ከፍሏል፤ ካሜሩናዊው ማኑ ዲባንጎ መጋቢት 15፣ ትራምፔተኛው ዋላስ ሮኒ መጋቢት 22፣ የኒው ኦርሊያንሱ ፒያኒስትና መምህር ኤሊስ ማርሳሊስ መጋቢት 23፤ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ሦስቱም በዚሁ በሽታ ሄዱ። ስለዚህ ክርክሬ ከሐኪሞቹ ጋር አይደለም። ክርክሬ መድረኩ ሲዘጋ ሳይዘጋ ከቀረው ቤት ጋር ነው። ያም ቤት ሬዲዮ ነው።

በቅድሚያ ግን የአዲስ አበባ የጃዝ ተጫዋች ምን በልቶ እንደሚያድር እንነጋገር፤ የተማረው ከተሜ በየሳምንቱ መጨረሻ እያጨበጨበ ይህን አያውቅምና። ተጫዋቹ ደመወዝ የለውም። ውል የለውም። ጡረታ የለውም። ሆቴሉ ወይም ክለቡ ለሌሊቱ ይከፍለዋል፤ ሌሊት ከሌለ ክፍያ የለም። የማውቃቸው አንድ የሳክስፎን ተጫዋች አሉ፤ ስልሳውን ያለፉ፣ ስማቸውን እንዳልጠራ የለመኑኝ ሰው። ሁለት ሳክስፎን ነበራቸው፤ አንድ ቴነርና አንድ አልቶ። ግንቦት ላይ አልቶውን ሸጡት። «ቴነሩን ለምን አልሸጡትም፣ እሱ የተሻለ ያወጣ ነበር እኮ» ብላቸው፣ «ልጄ፣ እሱን ከሸጥሁማ ወረርሽኙ ሲያልፍ ምን ይዤ ልወጣ ነው?» አሉኝ። በዚያው ወር አንድ ቀን ቤታቸው ሄጄ ደጃፍ ላይ ተራርቀን ተቀምጠን ሳለ ከጎረቤት ሬዲዮ ይሰማ ነበር። ስለ እግር ኳስ ይወራል።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ በወረርሽኙ ሳቢያ መቋረጡ የተነገረው መቼ ይመስላችኋል? መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም.፤ በእኛ አገር የመጀመሪያው ሕመምተኛ በተገኘበት በዚያው ዕለት። ውድድሩ የቀጠለው ሰኔ 10 ቀን ነው። በመካከሉ ሦስት ወር ከሳምንት አለ። በእነዚያ ሦስት ወራት እንግሊዝ አገር ኳስ አልተመታም። የእኛ ሬዲዮ የስፖርት ሰዓት ግን፣ እኔ በሰማሁት ጣቢያ ሁሉ፣ አልታጠፈም። ያልተደረገ ጨዋታ ተተነተነ፤ ያልተፈጸመ ዝውውር ተተነበየ፤ የዛሬ ዐሥር ዓመት የተደረገ የፍጻሜ ውድድር እንደ አዲስ ተተረከ። ለሌለ ኳስ በየቀኑ ሰዓታት የተገኘለት አየር፣ ቆሞ ለሚጠብቅ ሙዚቀኛ በሳምንት አንድ ሰዓት ታጣለት። እኔ ኳስ ጠል አይደለሁም። ነገር ግን ኳሱ ሲቆም ወሬው ካልቆመ፣ ሙዚቃው ሲቆም ዝምታው እንዴት ተፈቀደ?

«ሬዲዮ ሌላ፣ መድረክ ሌላ» የሚለኝ አንባቢ እንደሚኖር ዐውቃለሁ። ታሪኩ ግን እንዲያ አይልም። ጃዝን ጃዝ ያደረገው ሸክላ ብቻ ሳይሆን በቀጥታ የሚተላለፍ ሬዲዮ ጭምር ነው። ዱክ ኤሊንግተን እ.ኤ.አ. በ1927 በኒው ዮርኩ ኮተን ክለብ መጫወት ሲጀምር፣ ጥቁር አሜሪካዊ በእንግድነት እንዳይገባ በተከለከለበት በዚያ ቤት የሚሠራው ሙዚቃ በሬዲዮ ሞገድ ወጥቶ ጥቁሩም ነጩም ቤት ገባ። እ.ኤ.አ. በ1936 ደግሞ ጆን ሃመንድ የተባለው የሸክላ አሳታሚ ቺካጎ ውስጥ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ሬዲዮውን ሲያዟዙር፣ ከካንሳስ ሲቲ ሬኖ ክለብ በአንዲት አነስተኛ ጣቢያ የሚተላለፍ ባንድ ጆሮው ውስጥ ገባ። የካውንት ቤሲ ባንድ ነበር። ቤሲን ለዓለም ያስተዋወቀች ያች ትንሽ ጣቢያ ሚሊዮን ስፖንሰር አልነበራትም፤ ማይክሮፎኑን ሰው ወደሚጫወትበት ቤት ወስዳ ማስቀመጧ ብቻ በቃ።

እኛም ብንሆን ይህን የማናውቀው ሕዝብ አይደለንም። የክብር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ዘፈኖች በሬዲዮው ስቱዲዮ በክር እየተቀዱ ሲሰራጩ ያደገ ትውልድ ገና በሕይወት አለ። ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» እያልን የምንመካበት ድምፅ ከሸክላው ቀድሞ በአየር ላይ ነበር። ያኔ የመንግሥት ሬዲዮ ነበር፣ የፈለገውን ብቻ ያሰማ ነበር፤ እሺ። ግን ስቱዲዮው በር ለባንድ ይከፈት ነበር።

አሁን ወደ ኒው ኦርሊያንስ እንሂድ፤ የጃዝ እናት ከተማ ናትና። የከተማዋ ታላቅ የጃዝና የቅርስ ፌስቲቫል በ2012 ዓ.ም. ሊካሄድ የታቀደው ከሚያዝያ 15 እስከ 25 ነበር። ተሰረዘ። ደብሊው ደብሊው ኦ ዚ የሚባል የማኅበረሰብ ሬዲዮ አላት፤ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ ያለ፣ አብዛኛውን ሥራውን በበጎ ፈቃደኞች የሚያንቀሳቅስ። ጣቢያው ምን አደረገ? በፌስቲቫሉ ቀናት፣ በፌስቲቫሉ ሰዓት፣ ከረፋድ እስከ ምሽት ያለፉትን ዓመታት የፌስቲቫል ቅጂዎች ከማኅደሩ እያወጣ ለስምንት ቀናት አስተላለፈ። ልክ ሰው ከአንዱ መድረክ ወደ ሌላው እንደሚዘዋወር አድርጎ መርሐ ግብር አወጣለት። ሕዝቡ በረንዳውን አስጊጦ፣ በፌስቲቫሉ የሚሸጠውን ምግብ ቤቱ ሠርቶ፣ ሬዲዮውን ደጅ አውጥቶ አከበረ። ከዚያም በረንዳው ራሱ መድረክ ሆነ። ተጫዋቾች በቤታቸው ደጃፍ ቆመው ይነፋሉ፤ ጎረቤት መንገዱ ማዶ ተራርቆ ቆሞ ያደምጣል፤ ባልዲ ይቀመጣል፤ ገንዘብ ይጣልበታል። የጣቢያው ባለቤት የሆነው ፋውንዴሽንም ለሉዊዚያና ሙዚቀኞች የመረዳጃ ፈንድ አቋቋመ።

አሜሪካ ገነት ናት እያልሁ አይደለም። እንዲያውም ብዙ አንባቢ የማያውቀውን ልንገራችሁ፤ በአሜሪካ ሕግ በአየር ሞገድ የሚያሰራጭ ሬዲዮ አንድ ቅጂ ባሰማ ቁጥር የሚከፍለው ለዜማና ለግጥም ደራሲው ነው፤ ለተጫዋቹ የመክፈል ግዴታ የለበትም። ሌላ ሰው በደረሰው ዜማ ላይ ዕድሜውን ሙሉ ሳክስፎን የነፋ ሰው ከሬዲዮ ምንም አይደርሰውም። ይህ አሳፋሪ ሕግ ነው። ነገር ግን የማኅበረሰብ ሬዲዮው «የማን ነኝ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ነበረው፤ የከተማው ሙዚቃ ነበር። መልስ ያለው ጣቢያ ክፉ ቀን ሲመጣ ምን ማድረግ እንዳለበት ለማወቅ ኮሚቴ አያቋቁምም።

የእኛስ? ግንቦት 2012 ዓ.ም. ላይ ለአንድ ጣቢያ ደብዳቤ ጻፍሁ። የጠየቅሁት ይህን ነበር፤ በሳምንት አንድ ሰዓት፣ ሦስት ሙዚቀኞች ብቻ፣ በስቱዲዮ ወይም በቤታቸው የተቀዳ፣ ኢትዮ ጃዝ በቀጥታ የሚጫወቱበት ዝግጅት ይኑር፤ የባንክ ሒሳብ ቁጥር በአየር ላይ ይነገር፤ አድማጭ እንደ መግቢያ ዋጋ አድርጎ የቻለውን ያስገባ። አዘጋጅነቱን በነጻ እኔ እሠራዋለሁ አልሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ በስልክ መልስ መጣ። «ጋሼ፣ ሐሳቡ በጣም ቆንጆ ነው። ስፖንሰር ይዘው ይምጡ።»

በዚህች አንዲት ዐረፍተ ነገር የሬዲዮአችን ሥርዓት ሁሉ ተጠቃሏል። የማያውቅ ካለ፣ በከተማችን የኤፍ ኤም ጣቢያዎች አብዛኛው የመዝናኛ ዝግጅት የጣቢያው አይደለም። አዘጋጁ የአየር ሰዓት ይገዛል፤ ከዚያ ስፖንሰር ፈልጎ ወጪውን ይሸፍናል፤ ትርፍ ከተገኘ ይበላል። አየሩ የገበያ አዳራሽ መደብ ነው፤ የተከራየ ይነግድበታል። ስለ ኳስ የሚወራው ሕዝብ ከሙዚቃ አብልጦ ኳስ ስለሚወድ ብቻ አይደለም፤ የስፖንሰር ገንዘብ ወደዚያ ስለሚፈስስ ነው። ሙዚቀኛው ድሮም መደቡን የመከራየት ዐቅም አልነበረውም፤ በወረርሽኙ ወራት ደግሞ ለቤት ኪራይም ጠፋው። ስፖንሰር ይዘህ ና የተባለው፣ እንግዲህ፣ አልቶውን ለሸጠው ሰው ነው።

ይህን ለባለሙያዎቹ ስነግር ሁልጊዜ የሚመጡልኝ መልሶች አሉ። «ስቱዲዮ ውስጥ ሰው መሰብሰብ አደጋ ነበር» ይላሉ። አራት የስፖርት ተንታኝ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ ሲከራከር አደጋ ያልሆነ ስቱዲዮ፣ ሦስት ሙዚቀኛ ሲገባ አደጋ ይሆናል? ደግሞስ ስልክ በተሸከመ ሰው በሞላ ከተማ አንድ ሰው ከቤቱ ቀድቶ መላክ ይሳነዋል?

ሁለተኛው መልስ «ሙዚቀኞቹ በኢንተርኔት ይሠሩ ነበር እኮ» የሚለው ነው። ይህን የሚሉት ሰዎች ክረምቱን ረስተውታል። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ሌሊት ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ፤ አገር ታመሰ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ። በማግሥቱ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘጋና ሦስት ሳምንት ገደማ እንደተዘጋ ቆየ። ሥራህን ቤትህ ሆነህ በኢንተርኔት ሥራ የተባለ ሰው ኢንተርኔቱ ተወሰደበት። በእነዚያ ሳምንታት በየቤቱ ያልተቋረጠው ድምፅ የትኛው ነበር? ሬዲዮ። ኢንተርኔቱ በተመለሰ በአራት ወር ውስጥ ደግሞ ጦርነት መጣ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ሙዚቀኛ ኑሮ መጠየቅ ራሱ ነውር መሰለ።

ሦስተኛውን መልስ በትዕግሥት ልመልሰው፤ በቅንነት የሚናገሩት ሰዎች አሉና። «ሕዝብ በሞት ፍርሃት ተይዞ ሳለ ጃዝ የጥቂት ዘመናዮች ቅንጦት ነው» ይላሉ። ኢትዮ ጃዝ በምን ላይ እንደቆመ የሚያውቅ ይህን አይልም። መሠረቱ ትዝታ ነው፣ ባቲ ነው፣ አምባሰል ነው፣ አንቺሆዬ ነው። ሙላቱ ከለንደን፣ ከቦስተንና ከኒው ዮርክ ይዞ የመጣው ቪብራፎኑንና የላቲኑን ምት ነበር፤ አምስቱ ድምፅ ግን የእናቶቻችን ነው። ለቅሶ መድረስ በተከለከለበት፣ ቀብር በጥቂት ሰው በሚፈጸምበት፣ እዝን በስልክ በሚባልበት ወቅት፣ ትዝታን በሳክስፎን ከማድመጥ የበለጠ ለሐዘንተኛ ከተማ ምን ይቀርባል? ቅንጦት ያደረገው ዜማው ሳይሆን የመግቢያው ዋጋ ነው። ሬዲዮ ደግሞ መግቢያ አያስከፍልም። በጃዝ ክለብ ደጃፍ አልፋ የማታውቅ አንዲት የጉልት ነጋዴ በሬዲዮ ብትሰማው ምን ትል እንደነበር ለማወቅ ዕድሉ ነበረን፤ አልሞከርነውም።

በዚያው ሰሞን የሆነ አንድ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። መጋቢት 18 ቀን 2012 ዓ.ም. ኃይሉ መርጊያ «የኔ ምርጫ» የተሰኘ አልበሙን አወጣ። ኃይሉ ማለት የዋልያስ ባንድ ኪቦርዲስት ነው። በደርግ የሰዓት እላፊ ዘመን ዋልያስ በሒልተን ሲጫወት፣ እላፊው ከመድረሱ በፊት የገባ ሰው እስኪነጋ ውስጥ ሆኖ ይጨፍር ነበር። መንገዱ ሲዘጋ ሌሊቱን ሙሉ መጫወትን እንደ መፍትሔ ያገኙ ሰዎች ናቸው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ለትርኢት ወደ አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ፤ በዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ፣ ደንበኛ በሚጠብቅበት ሰዓት ኪቦርዱን ከመኪናው አውጥቶ እየተለማመደ ኖረ። በ1977 ዓ.ም. ገደማ ብቻውን የቀዳው ካሴት እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ሲታተም ዓለም ዐወቀው። የእርሱ አዲስ ሥራ ወረርሽኙ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ወጣ፤ ሁላችንም ቤታችን ተቀምጠን፣ ሌላ የምናደርገው ሳይኖረን። በአዲስ አበባ ሬዲዮ አንድ ጊዜ እንኳ ስሙ ሲነሣ አልሰማሁም። አምልጦኝ ይሆናል፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ቅን ሰው ለቅቆት ከሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የሚሰማውን ግን ዐውቃለሁ። የሚሰማው የሞተው ነው። ኢትዮጵያዊውን ሸክላ በራሱ ድፍረት ማሳተም የጀመረው አምኃ እሸቴ ሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ላይ ሲያርፍ ሬዲዮኖቻችን አስታወሱት። ዓለማየሁ እሸቴ በዚያው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ ሲያርፍ ቀኑን ሙሉ ተዘፈነ። መልካም ነው። ከዓመት በፊት ግን፣ መድረክ ሁሉ ተዘግቶ ሳለ፣ ዓለማየሁን ማይክሮፎን ፊት አስቀምጦ አንድ ሰዓት ማስዘፈን ስንት ያስወጣ ነበር?

ስለ ገንዘቡ ካነሣን አይቀር፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው። በ2007 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሎ ባለመብቶች በማኅበር ሮያሊቲ የሚሰበስቡበት በር ተከፈተ። ሕግ የለም ማለት አይቻልም። በወረርሽኙ ዓመት ግን እኔ ከማውቃቸው ተጫዋቾች መካከል ከሬዲዮ አንድ ብር የደረሰው አልነበረም፤ ዜማቸው በየሰዓቱ ለዜና መግቢያ፣ ለአየር ትንበያ መደብ፣ ለሳሙና ማስታወቂያ ምንጣፍ እየሆነ። ሙዚቃውን ከወሬ ሥር አንጥፎ መራመድ ከጎን መቆም ይባላል?

መድረኩስ ተከፈተ ወይ ትሉኝ ይሆናል። የጣይቱ ሆቴሉ ጃዝአምባ ከወረርሽኙም በፊት፣ ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በእሳት ሄዷል። የመላኩ በላይ ፈንድቃ ወረርሽኙን ተቋቁሞ አለፈ፤ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ሲፈርስ ቤቱ አብሮ ፈረሰ። ስለዚህ ጉዳዩ አለፈ የሚለኝ ሰው፣ መድረኩ አሁንም እየጠበበ መሆኑን ያስተውልልኝ። የአየር ሰዓቱም አሁንም ይከራያል።

የምለው ከባድ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አለው፤ ይኸው ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ ሬዲዮም አለው። ከሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት አንድ ታክሲ ያደርሳል። ሙላቱ በተወለደባት ጅማም ዩኒቨርሲቲው የማኅበረሰብ ሬዲዮ አለው። በእነዚህ ቤቶች የአየር ሰዓቱ ለገበያ አልቀረበም፤ መጀመር ያለበት ከእነርሱ ነው። ፈቃድ ሰጪው አካልም ለንግድ ጣቢያ ፈቃድ ሲያድስ «በሳምንት ስንት ሰዓት የቀጥታ ሙዚቃ አሰማህ? ለተጫዋቹስ ስንት ከፈልህ?» ብሎ ቢጠይቅ የሚከለክለው ምንድን ነው? ሞገዱ የሕዝብ ሀብት ነው ተብሎ በሕግ ተጽፏል፤ ሕዝቡ ውስጥ ሳክስፎን የሚነፋም አለበት።

ያን ጊዜ የጻፍሁትን ደብዳቤ ፈልጌ አገኘሁት። ካለው ላይ ቀኑን ብቻ ለውጬ፣ «በወረርሽኙ ምክንያት» የምትለዋን ሐረግ ሰርዤ፣ ለዚያው ጣቢያ የፊታችን ሰኞ መልሼ እወስደዋለሁ። የቴነር ሳክስፎኑ ባለቤት አብረውኝ ሊመጡ ፈቅደዋል። ስፖንሰር አሁንም የለንም።